በልኩ የተሰፋ ድምፅ

በእግር የሚረገጠውን የጊታር ፔዳል ከፍቶ ውስጡን ያየ ሰው በመጀመሪያ የሚገርመው ባዶነቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1966 አርቢተር የተባለ የለንደን ድርጅት ለገበያ ያቀረበውና ጂሚ ሄንድሪክስ በዓለም ያስጠራው ፈዝ ፌስ፣ መሰኪያዎቹ፣ ማብሪያውና ባትሪው ሳይቆጠሩ፣ የያዘው 11 ዕቃ ብቻ ነው፤ 2 ትራንዚስተር፣ 4 ሬዚስተር፣ 3 ካፓሲተርና 2 ቮልዩም። ጥርት ብሎ የገባውን የጊታር ድምፅ ሸካራ፣ ወፍራምና ረጅም አድርጎ የሚያወጣው ይኸው ነው። እነዚህን ዕቃዎች ወይም የቅርብ ዘመዶቻቸውን ዛሬ ከተበላሸ ሬዲዮ፣ ከተጣለ ቴፕና ከሞተ ቻርጀር ነቅሎ ማግኘት ይቻላል። ታዲያ ስለዚህ ጉዳይ ሲነሳ አዘውትሮ የሚሰማው ሐሳብ መግዛት ያልቻለ ይሥራ የሚል ነው። ይህ ደካማ ክርክር ነው። ሠርቶ መጠቀምን የእጦት መሸፈኛ ብቻ ስለሚያደርገው፣ ገንዘብ የተገኘ ቀን ትርጉም ያጣል። የእኔ ሐሳብ ከዚህ ይለያል። ሙኑኪም ሆነ መርካቶ ተቀምጦ ክራር፣ ራባባ ወይም ጊታር የሚጫወት ሰው፣ ፔዳሉ ደጁ ላይ ቢሸጥለት እንኳ፣ በብሬድቦርድ ላይ የራሱን ሰርኪውት እየገጣጠመ መሞከር አለበት። የሚሸጠው ፔዳል የተለካው ለሌላ መሣሪያ፣ ለሌላ አየርና ለሌላ ዜማ ነውና። ልብስ በልክ እንደሚሰፋ ሁሉ ድምፅም በልክ ይሰፋል።

ሙኑኪን ያነሣሁት በከንቱ አይደለም። ከደቡብ ሱዳን ዋና ከተማ ከጁባ ክፍሎች አንዷ ናት፤ ከተማዋ ደግሞ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ሄደው የሚሠሩ ብዙ ሰዎች ያሉባት፣ ክራርና ራባባ ጎረቤት ሆነው የሚኖሩባት ከተማ ናት። ራባባ የሱዳንና የደቡብ ሱዳን በገና መሰል መሣሪያ ነው፤ ክራርን የሚያውቅ ሰው ቅርፁን አይቶ ዘመድነቱን ለመረዳት አስረጂ አይፈልግም። ወደ ጁባ ከሚገባው ሸቀጥ ብዙው የሚመጣው ከኡጋንዳ ድንበር፣ ከኒሙሌ በሚነሣው 192 ኪሎ ሜትር መንገድ ሲሆን፣ መንገዱ አስፋልት ለብሶ የተጠናቀቀው እ.ኤ.አ. በ2012 ነው። መብራት ለረጅም ዓመታት የጄኔሬተርና የሶላር ጉዳይ ሆኖ ቆይቷል። በእንዲህ ያለ ከተማ ፔዳል አማርጦ መግዛት ይከብዳል፤ ስልክ ጠጋኝ ግን አይጠፋም። ስልክ ጠጋኙ ዘንድ ደግሞ ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው መሣሪያ ሁሉ አለ፤ ቴስተር፣ ወረንጦ፣ የሶልደር ብረት፣ ከሁሉም በላይ ጥቃቅን ዕቃን በትዕግሥት የሚይዝ እጅ። ለድምፅ ሥራ የሚያስፈልገው እውቀት ከተማው ውስጥ አለ። የጎደለው ይህን እውቀት ከሙዚቀኛው ጆሮ ጋር የሚያገናኘው ጠረጴዛ ነው።

ብሬድቦርድ ያ ጠረጴዛ ነው ማለት ይቻላል። በቀዳዳ የተሞላ የፕላስቲክ ሰሌዳ ነው፤ ቀዳዳዎቹ በ2.54 ሚሊ ሜትር ርቀት ተደርድረዋል፣ መሐሉን ከሚከፍለው ቦይ ወዲህና ወዲያ በየረድፉ ያሉት አምስት አምስት ቀዳዳዎች ከሥር በብረት መቆንጠጫ ተያይዘዋል። በሁለቱ ዳር የተዘረጉት ረጃጅም መስመሮች የባትሪውን ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ ለሁሉም ያዳርሳሉ። የዕቃውን እግር ቀዳዳው ውስጥ መክተት በቂ ነው፤ ሶልደር አያስፈልግም። ዋናው ጥቅሙ ግን መሰካቱ ሳይሆን መንቀሉ ነው። በሶልደር የተያዘን ካፓሲተር ለመቀየር ብረት ማጋል፣ ቆርቆሮውን ማቅለጥ፣ አንዳንዴም ከቦርዱ ላይ መዳቡን መላጥ ያስከትላል። ሰው ድካሙን ስለሚያውቅ ለክፉ የማይሰጥ ድምፅ ካገኘ እዚያው ይቆማል። በብሬድቦርድ ላይ ግን ለውጡ የጥቂት ሰከንዶች ጉዳይ ነው። ይህ ትልቅ ቁም ነገር ነው፤ የጆሮ ትዝታ አጭር ነውና። ሁለት ድምፆችን በሐቅ ማወዳደር የሚቻለው የመጀመሪያው ገና ጆሮ ላይ ሳለ ሁለተኛው ሲከተለው ነው። ከግማሽ ሰዓት የሶልደር ሥራ በኋላ የተሰማ ድምፅ ይሻላል ወይስ ይብሳል ብሎ መፍረድ ግምት ነው።

ለጀማሪ የሚሻለው ሰርኪውት በሠሪዎች ዘንድ ባዝ ፈስ እየተባለ የሚጠራው ነው። 1 ትራንዚስተር፣ 1 ዳዮድ፣ 1 ባለ 10 ኪሎ ኦም ሬዚስተር፣ 2 ካፓሲተርና 1 ቮልዩም ብቻ ይፈልጋል። የሚሠራበትን መንገድ ለመረዳት አንድ ነገር መያዝ ይበቃል። ከጊታር ፒካፕ የሚወጣው ቮልቴጅ ትንሽ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ቮልት አሥረኛ እስከ ግማሽ ቮልት ይደርሳል። ትራንዚስተሩ ይህን ብዙ እጥፍ ያሳድገዋል፣ ዳዮዱ ግን ከልኩ አልፎ እንዲያድግ አይለቀውም። ተራ ሲሊከን ዳዮድ 0.6 ቮልት፣ ጀርማኒየም 0.3 ቮልት፣ ቀይ ኤልኢዲ 1.8 ቮልት ገደማ ሲደርስ በሩን ይከፍታል። ወደ ላይ ሊወጣ የነበረው የማዕበል ጫፍ እዚያ ላይ ይቆረጥና ጠፍጣፋ ይሆናል። ጫፉ ጠፍጣፋ በሆነ ቁጥር አውታሩ ያላወጣቸው፣ የመሠረቱ ድምፅ 2፣ 3፣ 4፣ 5 እጥፍ የሆኑ አዳዲስ ድምፆች ይጨመራሉ፤ ሸካራነት ብለን የምንሰማው እነሱን ነው። አውታሩ እየደከመ ሲሄድም ጫፉ ለተወሰነ ጊዜ እስከ ጣሪያው መድረሱን ስለማያቋርጥ ድምፁ ቶሎ አይሞትም። አንዱን ዳዮድ ነቅሎ ሌላ ዓይነት የሰካ ሰው ይህን ሁሉ ያለ ሒሳብ ይሰማዋል፤ ጣሪያው ከፍና ዝቅ ሲል ጆሮው ይከታተለዋል።

ካፓሲተርም እንዲሁ ነው፣ ነገር ግን እሱ የሚወስነው የትኛው የድምፅ ወገን እንደሚያልፍ ነው። ከፊቱ ያለው የመግቢያ ተቃውሞ 10 ኪሎ ኦም ነው እንበል። 1 ማይክሮ ፋራድ ካፓሲተር ብንሰካ ከ16 ኸርዝ ገደማ በላይ ያለው ሁሉ ያልፋል፤ የጊታር ወፍራሙ ክር 82 ኸርዝ ላይ ስለሚጀምር ምንም አይቀርበትም። ወደ 0.1 ማይክሮ ፋራድ ብናወርደው ድንበሩ 159 ኸርዝ ይሆንና ወፍራሞቹ ክሮች መቅለል ይጀምራሉ። 0.01 ብንሰካ ድንበሩ 1,590 ኸርዝ ደርሶ ድምፁ በትንሽ ሬዲዮ ውስጥ የሚጮኽ ይመስላል። በኤሌክትሮኒክስ መጻሕፍት ላይ ይህ ግንኙነት አንድ መስመር ቀመር ሆኖ ይገኛል። ብዙ ተማሪ ቀመሩን ለፈተና አጥንቶ ይረሳዋል፤ ሦስቱን ካፓሲተሮች እየቀያየረ በአውታር የሰማ ግን አይረሳውም። በትምህርት ቤቶቻችን የተግባር ትምህርት ስለ መዳከሙ በምንናገርበት ጊዜ ይህን ዓይነቱን ርካሽ መንገድ አለማስታወሳችን ያሳዝነኛል።

አሁን ወደ ዋናው ማስረጃዬ ልግባ። ፔዳል ሠሪ ድርጅቶች መሣሪያቸውን ሲነድፉ በዓይነ ሕሊናቸው ያለው የብረት ክር የተወጠረበት፣ ማግኔት ያለው ፒካፕ የተገጠመለት ጊታር ነው። ክራር ግን 5 ወይም 6 አውታር ያለው፣ አውታሩም ጅማት፣ ናይለን ወይም ሽቦ ሊሆን የሚችል መሣሪያ ነው። ማግኔት የሚሰማው ብረትን ብቻ ስለሆነ፣ ለጅማትና ለናይለን የሚያገለግለው ከድምፅ ሣጥኑ ቆዳ ወይም እንጨት ንዝረትን የሚቀበል ፒዬዞ ነው። ፒዬዞ ከማንቂያ ደወልና ድምፅ ከሚያሰሙ አሻንጉሊቶች ውስጥ የሚወጣው ቀጭን የናስ ክብ ነው፤ ዋጋው የሚጠቀስ አይደለም። ጠባዩ ግን ከማግኔት ፒካፕ ፈጽሞ ይለያል፤ ራሱ እንደ ካፓሲተር ይሠራል፣ የተለመደው መጠን ያለው ወደ 20 ናኖ ፋራድ ገደማ ይሆናል። ይህን ፒዬዞ 10 ኪሎ ኦም መግቢያ ባለው ተራ ሚክሰር ላይ ብንሰካው፣ ቀደም ሲል ያየነው ድንበር 800 ኸርዝ ገደማ ላይ ይወድቃል። የክራሩ ሥጋ የሆነው የድምፅ ክፍል አብዛኛው ከዚያ በታች ነው፤ ተቆርጦ ይቀራል ማለት ነው። በአምፕሊፋየር የሚወጣ ክራር ቆርቆሮ ቆርቆሮ የሚልባቸው ብዙ መድረኮች ችግራቸው ይኸው ነው፣ ጥፋቱም በክራሩ ወይም በደርዳሪው ላይ ይለጠፋል። ይኸው ፒዬዞ በመጀመሪያ 1 ሜጋ ኦም መግቢያ ባለው ተቀባይ ሰርኪውት ቢያልፍ ድንበሩ 8 ኸርዝ ይሆናል፤ ሁሉም ነገር ያልፋል። ያ ሰርኪውት ደግሞ አንድ ጄፌት ትራንዚስተር ወይም ቲኤል 072 የሚባለው ቺፕ፣ ሁለት ሦስት ሬዚስተርና ሁለት ካፓሲተር ነው። ያለ እሱ ከውጭ የመጣ ውድ ፈዝ ፔዳል ለክራር አይሠራም፤ የመግቢያ ተቃውሞው ዝቅተኛ ስለሆነ ገና ከመጀመሪያው የክራሩን ድምፅ ያንቀዋል። ከእሱ ጋር ደግሞ በብሬድቦርድ የተገጣጠመው ባዝ ፈስ ይበልጠዋል።

አየሩም ራሱን የቻለ ማስረጃ ነው። የመጀመሪያዎቹ ፈዝ ፌሶች የተሠሩት በጀርማኒየም ትራንዚስተር ነበር፤ እስከ ዛሬም ብዙ ጊታሪስቶች ለስላሳነቱን ስለሚወዱት በውድ ዋጋ ይፈልጉታል። ጀርማኒየም ግን ሙቀት አይወድም። በውስጡ የሚያፈስሰው ፍሰት ሙቀቱ ወደ 10 ዲግሪ ገደማ በጨመረ ቁጥር እጥፍ ይሆናል፤ ያን ጊዜ ትራንዚስተሩ የቆመበት ነጥብ ይንሸራተትና ድምፁ ይቆራረጣል ወይም ይከስማል። በለንደን ክረምት የተስተካከለ ሰርኪውት በጁባ የካቲትና መጋቢት፣ ቀኑ 37 እና 38 ዲግሪ በሚደርስበት ወቅት፣ ጧት የሰጠውን ድምፅ ከሰዓት በኋላ አይደግመውም። ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ያላት አዲስ አበባ ላይ ግን ያው ሰርኪውት ደኅና ይሠራል። ስለዚህ ሙኑኪ ላይ የሚሠራ ሰው ሲሊከን ይምረጥ፤ እሱም ቢሲ 547፣ ሲ 945 ወይም 2ኤን 3904 የተጻፈበት፣ በየሬዲዮው ሆድ ውስጥ የሚገኝ ተራ ትራንዚስተር ነው። የሲሊከን ድምፅ ሻል ያለ ስለት አለው፤ ለስላሳ ማድረግ የፈለገ በመውጫው ላይ ወደ ኔጋቲቩ የሚወርድ ትንሽ ካፓሲተር ጨምሮ ስለቱን ያርቀዋል። ምን ያህል ትንሽ? እሱን የሚመልሰው ቦርዱ ላይ የሚደረገው ሙከራ ነው።

ዜማው ደግሞ ከሁለቱም ይልቅ የሚያጓጓኝ ነው። ፈዝ አንድ ድምፅ ሲገባበት እጥፎቹን ይጨምራል፤ ሁለት ድምፅ አንድ ላይ ሲገባበት ግን የሁለቱን ድምርና ልዩነትም ይወልዳል። 220 እና 330 ኸርዝ የሆኑ ሁለት ድምፆች አንድ ላይ ቢመቱ ልዩነታቸው 110 ነው፤ ይህም የ220 የታችኛው እጥፍ ስለሆነ ዜማውን ያግዘዋል፣ ሥር የሰጠው ይመስላል። 440 እና 466 ቢመቱ ግን፣ ማለትም ግማሽ ድምፅ ብቻ ቢራራቁ፣ ልዩነታቸው 26 ኸርዝ ነው፤ እሱም የማንንም ዜማ የማይመስል ጉርምርምታ ነው። በዚህ ዓይን ቅኝቶቻችንን እንያቸው። ሜጀር ትዝታ በ5 ድምፆቹ መካከል ግማሽ ድምፅ የለውም፤ ስለዚህ ፈዝን በቀላሉ ይሸከማል። አንቺ ሆዬ ሁለት ቦታ ላይ ግማሽ ድምፅ አለው፤ ባቲና አምባሰልም አላቸው። ክራር ሲገረፍ ደርዳሪው ሁሉንም አውታር በአንድ ምት እየመታ የማይፈልጋቸውን በግራ ጣቶቹ ያፍናል፤ በደንብ ያልታፈነች አንዲት አውታር በተራ አምፕሊፋየር ላይ ብዙም አትሰማም፣ በፈዝ ላይ ግን መላውን ዜማ ታበላሻለች። እንግዲህ ለትዝታ የተስተካከለ ፈዝ ለአንቺ ሆዬ አይሆንም። መፍትሔው የዳዮዱን ጣሪያ ከፍ ማድረግ፣ ሲሊከኑን አውጥቶ ኤልኢዲ መስካት፣ ወይም ያልተነካውን ጥሩ ድምፅ ከሸካራው ጋር በአንድ ቮልዩም መቀላቀል ነው። ይህን ልዩነት የሚያውቅ ፔዳል ፋብሪካ የለም፤ ማወቅም አይጠበቅበትም። የእኛ ሥራ ነው።

እዚህ ላይ ሊነሣ የሚችለው የመጀመሪያው ተቃውሞ ክቡር ተቃውሞ ነው፤ ሸካራ ድምፅ የባዕድ ጩኸት ነው፣ በባህል መሣሪያ ላይ መጨመር ማርከስ ነው የሚል። ለዚህ መልስ የሚሰጠው የራሳችን በገና ነው። በገና 10 አውታር አለው፤ እያንዳንዱ አውታር በርኩማው ላይ በሚያርፍበት ቦታ እንዚራ የምትባል ትንሽ ቁራጭ ቆዳ ትገባለች። አውታሩ ሲንቀጠቀጥ ቆዳዋን እየነካ ይመለሳል፣ ያን የሚያንዘረዝር የበገና ድምፅ የሚሰጠውም ይህ መነካካት ነው። የአውታሩ ጉዞ በአንድ ወገን ድንበር እንዲገጥመው ተደርጓል፤ ከዚያ የተነሣ አውታሩ ብቻውን የማይሰጣቸው ከፍተኛ ድምፆች ይጨመራሉ። ዳዮዱ በቮልቴጅ ላይ የሚያደርገውን እንዚራ በአውታሩ ላይ ታደርጋለች። ደርዳሪው እንዚራዋን ጥቂት ወዲህ፣ ጥቂት ወዲያ እያንሸራተተ ትክክለኛው ንዝረት እስኪመጣ በጆሮው ይፈልጋል። የአለሙ አጋን በገና ያዳመጠ ሰው ይህ ድምፅ ምን ያህል የጸሎት ድምፅ እንደሆነ ያውቃል። በገናን ራሱን ፈዝ ውስጥ እናሳልፈው እያልኩ አይደለም፤ አያስፈልገውምም፣ ቦታውም አይደለም። የምለው ሸካራ ድምፅን መውደድ ከውጭ የመጣ ልማድ አለመሆኑን ነው። በዘፈኑም ዓለም ቢሆን ነገሩ አዲስ አይደለም። ተወልደ ረዳ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አሥመራ ላይ ኤሌክትሪክ ክራርን ካስለመዱት ቀደምት ሙዚቀኞች አንዱ ነው፤ ሙላቱ አስታጥቄ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ባሳተማቸው ሥራዎች ላይ የዋዋ ጊታር አለ፣ የከርሞ ሰው በተባለው ሥራው ላይ የሚሰማውም ጊታር ጥርት ያለ ጊታር አይደለም። ዛሬ እነዚያን ሥራዎች የባህላችን ኩራት እንላቸዋለን።

ከጁባ ወደ ደቡብ ምዕራብ፣ በጎረቤት ኮንጎ ኪንሻሳ ውስጥ የሆነው ደግሞ ክርክሬን በሙሉ በአንድ ታሪክ ያሳያል። ሚንጊየዲ ማዋንጉ የመሠረተው ኮኖኖ ቁጥር አንድ የተባለው ቡድን የሚጫወተው ሊኬምቤ ነው፤ በጋምቤላ አኙዋኮች ዘንድ ቶም ከሚባለው ጋር የሚዛመድ፣ በአውራ ጣት የሚመታ የብረት ምላሶች ያሉት መሣሪያ። በከተማው ግርግር ውስጥ ሊኬምቤው አልሰማ ሲል ከአሮጌ መኪና ዕቃ ማግኔት አውጥተው ፒካፕ ሠሩ፣ ማጉያቸውንም ራሳቸው አዘጋጁ። ድምፁ ሸካራ ሆነ። መጀመሪያ ያልፈለጉት ነበር፤ ኋላ ግን የሙዚቃቸው አካል አደረጉት። እ.ኤ.አ. በ2004 ኮንጎትሮኒክስ የተባለው አልበማቸው ሲወጣ ዓለም የተደነቀው በዚያው ድምፅ ነው። ምዕራባውያኑም ቢሆኑ ፈዝን ያገኙት በሌላ መንገድ አልነበረም። በ1961 በወጣ የማርቲ ሮቢንስ ዘፈን ላይ፣ ናሽቪል ስቱዲዮ ውስጥ፣ ግሬዲ ማርቲን የተጫወተው ባስ በተበላሸ የሚክሰር መስመር አልፎ እንደዚያው ተቀረጸ፤ መሐንዲሱ ግሌን ስኖዲ ብልሽቱን አጥንቶ በትራንዚስተር ደገመው፣ ጊብሰን በ1962 ማይስትሮ ፈዝ ቶን ብሎ ሸጠው፣ በ1965 ሮሊንግ ስቶንስ ዝነኛ አደረጉት። ፋብሪካው የመጣው ከጆሮው በኋላ ነው። ኪንሻሳና ናሽቪልን የሚለያቸው ግኝቱ ሳይሆን ከግኝቱ በኋላ ወደ ገበያ የሚወስደው መንገድ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ተግባራዊ ነው፤ ርካሽ የቻይና ፔዳል እያለ፣ ስልክ ላይ በነፃ የሚጫን የኢፌክት አፕ እያለ፣ ለምን መድከም? ከፊሉ ትክክል ነው። ሣጥኑን፣ መሰኪያዎቹን፣ የእግር ማብሪያውን፣ ቴስተሩንና የመጓጓዣውን ወጪ ደምሮ ያሰበ ሰው አንድ ፔዳል ለመሥራት ያወጣው ገንዘብ ከርካሽ ፔዳል ዋጋ ቢበልጥ አይገርመውም። በገንዘብ ብቻ ከተሰላ የሚያዋጣው ከሁለተኛው ወይም ከሦስተኛው ሰርኪውት በኋላ ነው። አፑም ቢሆን እንደ ሰፊ አዳራሽ ማስተጋባትን ለመሳሰሉ ውስብስብ ነገሮች ከትንሽ ሰርኪውት ይበልጣል፤ ይህን መካድ አይገባም። ነገር ግን በብዙ ርካሽ አንድሮይድ ስልኮች ላይ አውታሩ ከተመታበት ጊዜ እስከ ድምፁ መውጣት የሚታወቅ መዘግየት አለ፤ ፈጣን ምት ለሚመታ ክራር ተጫዋች ይህ መሰናክል ነው። ትራንዚስተር የሚያዘገየው ነገር የለም። የፒዬዞውንም ጉዳይ አፑ አይፈታውም፤ በስልኩ መሰኪያ ላይ ያለው ተቃውሞ ድምፁን ገና ሳይገባ ይቆርጠዋል። ርካሹ ፔዳልም ሲበላሽ ይጣላል፣ ሲያስከፋም ከሦስቱ ቮልዩሞቹ በላይ የሚነካለት ነገር የለም። ባትሪውንም እናስላው። ባዝ ፈስ ከ1 ሚሊ አምፒር ያነሰ ይስባል፤ 500 ሚሊ አምፒር ሰዓት የሚይዝ ባለ 9 ቮልት ባትሪ ከ500 ሰዓት በላይ ያስኬደዋል። መብራት በማይታመንበት ሰፈር ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም።

ሦስተኛው፣ ብሬድቦርድ አይታመንም የሚለው ነው። እውነት ነው፣ አይታመንም። ሲነቀነቅ ሽቦ ይወጣል፣ መቆንጠጫው ሲያረጅ ይላላል፣ የተንዘረጋጉት ሽቦዎቹም እንደ አንቴና የ50 ኸርዝ እምታ ይሰበስባሉ፤ በርካሽ ኢንቨርተር አጠገብ ደግሞ እምታው ወደ ጩኸት ይለወጣል። ስለዚህ መድረክ ላይ አይወጣም። ሥራው መፈለግ ነው፤ የተገኘው ሰርኪውት በሶልደር ቀዳዳ ባለው ቦርድ ላይ ተይዞ በብረት ሣጥን ውስጥ ይገባል፣ ሣጥኑም ከኔጋቲቩ ጋር ይያያዛል። ሽቦዎችን አሳጥሮ፣ መግቢያውን ከመውጫው አርቆ፣ ከጄኔሬተሩ ይልቅ በባትሪ የሠራ ሰው በቦርዱ ላይ ሳለም ቢሆን እምታው በብዙ እንደሚቀንስ ያያል። ለድምፅ ሥራ የብሬድቦርድ ሌላ ጉድለት ብዙም አያስጨንቅም፤ በጎረቤት ረድፎቹ መካከል ያለው ጥቂት ፒኮ ፋራድ ለሬዲዮ ሞገድ እንጂ ለጊታር ድምፅ ትርጉም የለውም። ቦርዱ ሊነካው የማይገባ ነገር አንድ ብቻ ነው፤ የግድግዳ ኤሌክትሪክ። ዕቃ ለመንቀል ቻርጀር ወይም ቴሌቪዥን የሚከፍት ሰው በ230 ቮልት የሚሠራ ቻርጀር ውስጥ ያለው ትልቁ ካፓሲተር እስከ 325 ቮልት ድረስ ሊይዝ እንደሚችል፣ ከሶኬት ከተነቀለም በኋላ ለጊዜው እንደሚቆይ ይወቅ። አሮጌ ባለ ጀርባ ቴሌቪዥን ውስጥ ያለው ደግሞ ከዚህ እጅግ ይበልጣል፤ የማያውቀው ሰው ሊከፍተው አይገባም። ከሬዲዮ፣ ከአሻንጉሊትና ከተበላሸ የካራኦኬ ማጫወቻ ቢጀመር ይሻላል። የካራኦኬው ውስጥ ብዙ ጊዜ ፒቲ 2399 የሚባል የማስተጋቢያ ቺፕ ይገኛል፤ በ5 ቮልት ይሠራል፤ ብዙዎቹ በእጅ የተሠሩ ኤኮ ፔዳሎች የሚሠሩበት ቺፕ እሱ ነው።

ይቀዳል እንጂ ምን ፈጠራ አለው ለሚሉም አጭር መልስ አለ። ሰርኪውቱ ተቀድቶ ይጀመራል፤ የፔዳል ታሪክ በሙሉ የመቅዳትና የማሻሻል ታሪክ ነው፣ የለንደንም የጃፓንም ፋብሪካዎች በዚያው ሄደዋል። ልዩነቱ የሚመጣው በቁጥሮቹ ላይ ነው፤ ስለዚህ በሙከራው ጊዜ የተሰካው እያንዳንዱ ዋጋ በደብተር መጻፍ አለበት። የትኛው ፒዬዞ፣ ቆዳው ላይ የት ተለጠፈ፣ የመግቢያው ካፓሲተር ስንት ነበር፣ የትኛው ዳዮድ ለየትኛው ቅኝት ሆነ፣ ቀኑ ምን ያህል ሞቃት ነበር። በአማርኛ ቢጻፍ አዲስ አበባና ባሕር ዳር ያለው ያነበዋል፤ በቁጥርና በሥዕል ቢሰፍር አማርኛ የማያነበው የጁባ ራባባ ተጫዋችም ይረዳዋል። የራባባው የድምፅ ሣጥን፣ ቆዳና አውታር ከክራሩ ስለሚለይ ክራሩን ነቅሎ ራባባውን የሚሰካ ሰው ከደብተሩ ላይ ተቀባዩን ሰርኪውት እንዳለ ይወስዳል፣ ከዚያ በኋላ ያለውን ግን ከመጀመሪያው ካፓሲተር አንሥቶ እንደገና እየነቀለና እየሰካ ያዳምጣል።